መብራቱን የሚገድለው ጋዙ አይደለም፦ ስለ አሮጌ የሶዲየም መብራቶችና ስለ ኮልፋክስ ኒዮኖች ኤሌክትሮድ

በዴንቨርና በአውሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ኮልፋክስ ጎዳናን ሳንረግጥ የምንሰነብትበት ጊዜ እምብዛም ነው። ጎዳናው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 26 ማይል ያህል ይዘረጋል። የኢንተርስቴት አውራ ጎዳናዎች ከመሠራታቸው በፊት ዋናው አገር አቋራጭ መንገድ እሱ ስለነበር ሞቴሉም፣ ምግብ ቤቱም፣ መጠጥ ቤቱም መንገደኛውን በሌሊት ለመጥራት በየደጃፉ ኒዮን ሰቅሏል። በፒትስ ኪችን ደጃፍ ፓንኬክ የሚያገላብጠውን የኒዮን ወጥ ቤት ያላየ የዴንቨር ሰው አለ ብዬ አላምንም። ዛሬ ከእነዚያ አሮጌ ሕንጻዎች ጥቂት የማይባሉት፣ በተለይ ወደ አውሮራ በኩል፣ የስደተኞች ሱቅና ምግብ ቤት ሆነዋል፤ የእኛም ሰው አለበት። ሕንጻውን የተከራየ ሰው አሮጌውን ኒዮንም አብሮ ይረከባል። አንድ ቀን ከምልክቱ ግማሹ ፊደል ይጠፋል። ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ቀና ብሎ ያይና «ጋዙ አልቋል፤ አውርደህ በኤል.ኢ.ዲ. ተካው» ይላል። ባለቤቱም ያወርደዋል።

«ጋዙ አልቋል» የምትለዋ ነገር በእኛ ጆሮ ተገቢ መስላ የምትሰማው ያለ ምክንያት አይደለም። በኩራዝና በፋኖስ ብርሃን ያጠና ሰው ጋዝ ሲባል ነጭ ጋዝ ነው የሚታየው፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ ይቃጠላል፣ ያልቃል። ኒዮን ግን የሚቃጠል ነገር አይደለም። መስታወቱ እስካልተሰነጠቀ ድረስ በ1950ዎቹ የተሞላው ኒዮን ዛሬም እዚያው አለ። የሚያልቀው ሌላ ነው፤ ኤሌክትሮዱ። ጋዙ ቢቀንስ እንኳ (አዎን፣ የሚቀንስበት ጊዜ አለ) የሚቀንሰው በኤሌክትሮዱ ጦስ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከኒዮኑ ይልቅ አንድ ዘመዱን መርጫለሁ፤ ዝቅተኛ ግፊት ያለውን አሮጌ የሶዲየም መብራት። ምክንያቴ ቀላል ነው። ይህ መብራት በየምሽቱ ሲለኮስ እንደ ኒዮን ምልክት ቀይ ሆኖ ይጀምርና ከዚያ ሌላ መብራት ይሆናል። ኤሌክትሮዱም በአንድ ምሽት ሁለት ዓይነት ኑሮ ይኖራል፤ መጀመሪያ እንደ ኒዮን ኤሌክትሮድ ቀዝቃዛ፣ ቀጥሎ ግን ትኩስ። የሁለቱን እርጅና ጎን ለጎን ለማየት ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላውቅም።

በቅድሚያ ግን ስም እንለይ። በዴንቨር፣ በአውሮራም ሆነ በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት ያየነው ወርቃማ የመንገድ መብራት በአብዛኛው የከፍተኛ ግፊት ሶዲየም ነው። እሱ ሌላ ነው። የዝቅተኛ ግፊቱ ብርሃን ከሞላ ጎደል አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ 589.0 እና 589.6 ናኖሜትር ላይ ያሉ ሁለት የተጠጋጉ የቢጫ መስመሮች። ሰንደቅ ዓላማችንን ከሥሩ ብትዘረጉ ቢጫው ብቻ ደምቆ ይታያል፤ አረንጓዴውና ቀዩ ግን ጠቆር ያሉ፣ እርስ በርስ ለመለየት የሚያስቸግሩ ቡናማዎች ይሆናሉ። ለዚህም ነው የከዋክብት ተመራማሪዎች የወደዱት፤ አንድን መስመር ከቴሌስኮፕ ማጣራት ቀላል ነው። የሊክ መመልከቻ ጎረቤት የሆነችው የካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ እና የሎዌል መመልከቻ ያለባት የአሪዞናዋ ፍላግስታፍ መብራቱን በጎዳናዎቻቸው የተጠቀሙት በዚሁ ምክንያት ነው። የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይም እ.ኤ.አ. በ1937 ሲመረቅ በዚህ መብራት ነበር የበራው፤ በ1972 በከፍተኛ ግፊቱ ተተካ። ለመንገድ መብራትነት የዋለው ከዚያም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1932 በኔዘርላንድስ እና በእንግሊዝ ነው።

አሠራሩን እንይ። ውስጠኛው ቱቦ እንደ ፀጉር ማስያዣ ታጥፎ ሁለት እግር ያለው ነው፤ በሁለቱ እግሮች ጫፍ ላይ አንዳንድ ኤሌክትሮድ አለ። ቱቦው ውስጥ ኒዮን፣ አንድ በመቶ ያህል አርጎን እና ጥቂት የብረት ሶዲየም ይገኛሉ። ሶዲየሙ እንዳይንከላወስ በመስታወቱ ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች ተበጅተውለታል። ሲሞቅ ተራ መስታወትን ስለሚያጠቁር የቱቦው ውስጠኛ ገጽ ሶዲየም በሚችል የቦሬት መስታወት በስሱ ይለበጣል። ይህ ሁሉ ደግሞ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ውጫዊ መስታወት ውስጥ ይቀመጣል፤ ልክ እንደ ሻይ ፔርሙስ። በኋላ በመጡት፣ ሶክስ በሚባሉት መብራቶች የውጩ መስታወት በውስጥ በኩል ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሙቀትን ግን ወደ ቱቦው የሚመልስ ስስ የኢንዲየም ኦክሳይድ ሽፋን አለው። ዓላማው ቱቦውን 260 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ማቆየት ነው። የ180 ዋቱ ሶክስ 33,000 ሉመን ያህል ይሰጣል፤ አሮጌው የ100 ዋት አምፖል ከ1,700 ብዙም እንደማያልፍ አስታውሱ።

አሁን ወደ ኤሌክትሮዱ እንግባ። ሲያዩት ከተራ አምፖል ክር ጋር ይመሳሰላል፤ ደጋግሞ የተጠቀለለ የተንግስተን ሽቦ ነው። ሥራው ግን ማብራት አይደለም። ሥራው ኤሌክትሮንን ከብረት አላቅቆ ወደ ጋዙ ማስገባት ነው። ተንግስተን ኤሌክትሮኑን አጥብቆ ይይዛል፤ አንዱን ለማላቀቅ 4.5 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይጠይቃል። ስለዚህ ሽቦው የባሪየም፣ የስትሮንቲየምና የካልሲየም ኦክሳይድ ድብልቅ ይቀባል፤ ያን ጊዜ የሚጠየቀው ኃይል ከግማሽ በታች ይወርዳል። ንጹሕ ተንግስተን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልጋለ የማይሰጠውን፣ የተቀባው ወደ 1,000 ዲግሪ አካባቢ ይሰጣል። ኩራዙን እዚህ ላይ መልሰን እናምጣው። ጥቅሉ ሽቦ ክሩ ነው፣ ቅቡ ደግሞ ነጭ ጋዙ። በደህናው ጊዜ የሚያልቀው ክሩ ሳይሆን ክሩ የተነከረበት ነው። ነጭ ጋዙ ሲያልቅ ክሩ ራሱ መንደድ ይጀምራል፤ መጨረሻውም ያ ነው። ስለዚህ በመብራታችን ውስጥ «የሚያልቅ ጋዝ» ካለ ይህ በሚሊግራም የሚለካ ቅብ ነው።

ማብሪያው ሲጫን ኤሌክትሮዱ ቀዝቃዛ ነው። ስታርተር ያለው ፍሎረሰንት አስቀድሞ ክሩን ያሞቃል፤ ሶክስ ግን ማሞቂያ የለውም፣ በቀጥታ ከ400 ቮልት በላይ ይለቀቅበታል። አርጎኗ የምትጠቅመው እዚህ ነው። በኤሌክትሮን የተመታ የኒዮን አቶም 16.6 ኤሌክትሮን ቮልት ተሸክሞ ለተወሰነ ጊዜ ይዞራል፤ አርጎንን አዮን ለማድረግ ደግሞ 15.8 ይበቃል። ተሸካሚው ኒዮን ከአርጎን ጋር ሲጋጭ ጭነቱን ያራግፍባትና አዲስ ኤሌክትሮን ይወለዳል። አርጎኗ ባትኖር ያው መብራት ለመነሳት እጅግ ከፍ ያለ ቮልቴጅ በጠየቀ ነበር።

መብራቱ እንደተነሳ ቀዝቃዛው ኤሌክትሮድ በሙቀት ኤሌክትሮን መስጠት ስለማይችል በጉልበት ይወሰድበታል። በካቶዱ ፊት ከ100 ቮልት በላይ የሆነ ገደል ይፈጠራል፤ አዎንታዊ የኒዮን አዮኖች ከዚያ ገደል ተወርውረው ኤሌክትሮዱን ይደበድቡታል። ድብደባው ኤሌክትሮን ያስወጣል፤ ግን ብቻውን አይወጣም፣ ከቅቡም ከብረቱም አቶሞችን እያስፈነጠረ በመስታወቱ ላይ ይለጥፋል። ጠጠር የተወረወረበት የጭቃ ግድግዳ እንደሚረግፈው ማለት ነው። ደግነቱ ድብደባው ኤሌክትሮዱን ያግለዋል። አንድ ቦታ ላይ ትኩስ ነጥብ እንደተፈጠረ ኤሌክትሮኖች በሙቀት ብቻ መፍሰስ ይጀምራሉ፣ ገደሉም ወደ አሥራ ምናምን ቮልት ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ አዮኖቹ አቶም ለማስፈንጠር የሚበቃ ጉልበት ብዙም የላቸውም። ይህ ሽግግር በቅጽበት ወይም በጣት በሚቆጠሩ ሰከንዶች ያልቃል፤ ነገር ግን በአንድ ሰከንዷ የሚጠፋው ቅብ በረጋ ሁኔታ በዚያው ጊዜ ከሚጠፋው በእጅጉ ይበልጣል።

ከውጭ የሚታየው ቀይ ብርሃን ግን ወዲያው አይጠፋም። ኤሌክትሮዱ ቀድሞ ጋለ እንጂ ሶዲየሙ ገና አልሞቀም፤ የሚያበራው ኒዮኑ ነው። ሶዲየም 98 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ቱቦው 260 ሲደርስም የትነቱ ግፊት አንድ ፓስካል እንኳ አይሞላም። ኒዮኑ ከእሱ ሺህ ጊዜ ያህል ይበዛል። ሆኖም ሶዲየም ለማብራት 2.1 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ፣ አዮን ለመሆን 5.1 ብቻ ስለሚጠይቅ ኤሌክትሮኖቹ ኒዮኑን ትተው ወደ እሱ ያዘነብላሉ። ከሰባት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ቀዩ ወደ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ጋራዥ ውስጥ ጨለማ አድርጌ ስመለከተው አሁንም ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ኤሌክትሮዱ የሚኖረው የተረጋጋ ኑሮ ነው። በአሜሪካ መስመር በሰከንድ 60 ጊዜ ካቶድ፣ 60 ጊዜ አኖድ ይሆናል። ቅቡ ከተንግስተኑ ጋር እየተዋሃደ ንጹሕ ባሪየም ይለቃል፤ ባሪየሙም ይተናል። ግን ሁሉም አይጠፋም። ዙሪያውን የከበበው ኒዮን እየገፋ ይመልሰዋል፤ አዮን የሆነውንም ካቶዱ ራሱ ይስበዋል። ስለዚህ ኒዮኑ ለማስነሻ ብቻ የተጨመረ አይደለም፤ የኤሌክትሮዱ ጠባቂ ነው። የረጋው ኑሮ እንዲህ ቀስ ብሎ ስለሚበላ ነው ሶክስ 16,000 ሰዓት እና ከዚያ በላይ የሚዘልቀው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በምሽት አንድ ጊዜ ተለኩሶ እስከ ንጋት የሚበራ መብራት እና ሰው ባለፈ ቁጥር የሚበራ የሚጠፋ መብራት እኩል ሰዓት ቢሠሩም እኩል አያረጁም። ሁለተኛው ቀድሞ ይሞታል።

የኒዮን ምልክት ኤሌክትሮድ ዕጣው ሌላ ነው። እሱ ወደ ትኩሱ ኑሮ አይሻገርም፤ ዕድሜውን በሙሉ ገደሉ ሥር ይኖራል። ታዲያ እንዴት ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል? መልሱን ያገኘው ፈረንሳዊው ዦርዥ ክሎድ ነው። ክሎድ የኒዮን ቱቦን በፓሪስ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ በ1915 በአሜሪካ የተሰጠው የባለቤትነት መብት ግን ስለ ቀዩ ብርሃን ሳይሆን በዋናነት ስለ ኤሌክትሮዱ ስፋት ነበር። ለእያንዳንዱ አምፔር ከ1.5 ካሬ ዴሲሜትር ያላነሰ ገጽ ይኑረው ይላል። በ30 ሚሊአምፔር ለሚሠራ ምልክት ይህ 4.5 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ድብደባው በሰፊ ገጽ ላይ ሲከፋፈል አንዱም ቦታ አይጎዳም። የኮልፋክስ ምልክቶች ኤሌክትሮድ ሽቦ ሳይሆን ትንሽ የብረት ኩባያ የሆነው ለዚህ ነው። የኒዮን ንግድ በሙሉ የቆመው በዚህች ስሌት ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስሌቱ ሲጣስ፣ ማለትም ትራንስፎርመሩ ከሚገባው በላይ ሲልክ ወይም ኩባያው ሲሠራ በሚገባ ሳይጸዳ ሲቀር፣ ከኤሌክትሮዱ የረገፈው ብረት በመስታወቱ ላይ እንደ ጥቁር መስታየት ይጋገራል፤ ሲጋገርም የጋዝ አቶሞችን ከሥሩ ይቀብራል። ጋዙ ሲሳሳ ድብደባው ይብሳል፤ ድብደባው ሲብስ ሌላ ጋዝ ይቀበራል። «ጋዙ አልቋል» የሚባለው እውነት ቢሆን እንኳ ታሪኩ ይህ ነው። መፍትሔውም ምልክቱን ማውረድ ሳይሆን የኒዮን ባለሙያ ጫፉን ቆርጦ አዲስ ኤሌክትሮድ እንዲበይድና ቱቦውን አጽድቶ እንደገና እንዲሞላ ማድረግ ነው። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ የጠፉ ፊደላት ግን እዚህም አልደረሱም፤ ወይ ትራንስፎርመሩ፣ ወይ ገመዱ፣ ወይ በአውሮራ የበረዶ ድንጋይ የተሰነጠቀ መስታወት ናቸው።

የሶዲየሙ መብራት አሟሟት ግን ብዙ መልክ አለው፤ ከውጭም ይነበባል። አንዱ ጫፍ ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ ብርሃኑ የሚርገበገብ ከሆነ የአንዱ ኤሌክትሮድ ቅብ ቀድሞ አልቋል። ያን ጊዜ መብራቱ ወደ አንድ አቅጣጫ በቀላሉ፣ ወደ ሌላው በግድ ያስተላልፋል፤ ማለትም ግማሽ ዳዮድ ይሆናል። በባላስቱ ውስጥ ቀጥተኛ ጅረት መፍሰስ ይጀምርና ባላስቱ ይግላል። እንዲህ ያለ መብራት «እስኪሞት ይብራ» ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ከራሱ ጋር ባላስቱን ይዞ ይሄዳል። መብራቱ ቀይ ሆኖ ሰዓታት ካለፉ ግን ኤሌክትሮዱን አትክሰሱ፤ የውጩ መስታወት አየር አስገብቶ ፔርሙሱ መያዝ አቁሟል። ጨርሶ አልነሳም ካለ፣ ባላስቱም ደህና ከሆነ፣ አርጎኗ በዓመታት ውስጥ ወደ መስታወቱ ሰርጋለች ማለት ሊሆን ይችላል። ከቱቦው ከፊሉ ሐምራዊ መስሎ ከታየ ደግሞ ሶዲየሙ ከዚያ አካባቢ ተሰዶ ወደ ቀዝቃዛው ቦታ ሄዷል። ሶዲየምም ይሰደዳል እንግዲህ! ይህ ሲሆን የመብራቱ ቮልቴጅ ከፍ ስለሚል አሮጌ ሶክስ ብርሃኑ ብዙም ሳይቀንስ ከአዲሱ የበለጠ ኃይል ይበላል። ሶዲየሙ ተንከባሎ ኤሌክትሮዱ ላይ እንዳይከማች ትላልቆቹ ሶክሶች አግድም መተኛት አለባቸው፤ ቆመው ካፋቸው ወደ ታች ተደፍቶ መብራት የለባቸውም።

ከዚህ አገር ወደ ኢትዮጵያ የመብራት ዕቃ ለሚልክ ሰው ሁለት ነገር ልበል። የመጀመሪያው የመስመሩ ነው። ለአሜሪካ 60 ኸርዝ የተሠራ የጥቅል ሽቦ ባላስት የአገራችን 50 ኸርዝ ላይ የሚያሳየው መከላከል በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። ቮልቴጁ በትራንስፎርመር ተስተካክሎ እንኳ ጅረቱ ወደ 20 በመቶ ገደማ ከፍ ሊል ይችላል፤ ያን ትርፍ የሚሸከመው ደግሞ ኤሌክትሮዱ ነው። «ቮልቱን አስተካክያለሁ» ማለት አይበቃም። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥርም አንድ ቀዝቃዛ አነሳስ ይቆጠራል፤ በኃይል መቆራረጥ የሚኖር መብራት የፋብሪካው ሰዓት ላይ አይደርስም።

ሁለተኛው የከፍታ ነው። ዴንቨር ከባሕር ጠለል 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን 83 በመቶ ያህል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ አየሩ ከዚህም ይሳሳል። ይህ በታሸገው ቱቦ ውስጥ ላለው ኤሌክትሮድ ምንም ለውጥ የለውም። ከመስታወቱ ውጭ ግን ስስ አየር ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ ደካማ ነው። እስከ 15,000 ቮልት በሚሠራ ኒዮን ላይ፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ ጸጥ ብሎ የሚኖር የገመድ መጋጠሚያ እዚህ ወይም አዲስ አበባ ላይ ይንሸዋሸዋል፣ ሰማያዊ ብልጭታ ያወጣል፣ ውሎ አድሮም ሽፋኑን ይበላል። የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ተብለው ይሠራሉና ከዚያ በላይ በኤሌክትሮዱ ሽቦና በብረቱ ሣጥን መካከል ያለውን ርቀት ማስፋት ይገባል። ምልክታችሁ የኦዞን ሽታ ካለው ወይም ሲጨልም ከጫፉ ጭስ መሳይ ሰማያዊ ብርሃን ከታየ፣ ቱቦው ሳይሆን መጋጠሚያው ይታይ።

ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሶዲየም መብራት አሁን አይመረትም፤ የመጨረሻው አምራች ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ አቁሟል። ስለዚህ ያሉት ያሉት ናቸው፤ የእያንዳንዱም ዕድሜ በሁለት ጥቅል ሽቦ ላይ በተረፈው ቅብ ይለካል። ያላችሁ ሰዎች ለእንግዳ ለማሳየት ብላችሁ እያበራችሁ ወዲያው አታጥፉት። ካበራችሁት ቢጫ ሆኖ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ሶዲየሙ ገና ፈሳሽ ሳለ አታንቀሳቅሱት፤ ቀዝቅዞ ይርጋ። ባላስቱ ለዚያው ዋት የተሠራ ይሁን። የሞተውንም ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፤ እንደ ፍሎረሰንት ሜርኩሪ የለበትም፣ ነገር ግን ሶዲየም ውኃ ሲነካው ሃይድሮጅን እያወጣ ይነድዳል። ሳይሰበር፣ በደረቅ ካርቶን ተጠቅልሎ፣ አደገኛ የቤት ውስጥ ቆሻሻ ለሚቀበለው ክፍል ይሰጥ፤ ሲሰጥም «ሶዲየም አለበት» ተብሎ ይነገር።